የምንለቀው ላፕቶፓችንን አይደለም

እንደምን አደራችሁ፣ ወዳጆቼ።

አዘጋጆቹ ስለ ቢልድ ዲፔንደንሲ፣ ማለትም ፕሮግራምን ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት (ቢልድ ለማድረግ) ስለሚያስፈልጉት ነገሮች፣ ጠቅለል ያለ ገለጻ እንዳደርግ ነበር የጠየቁኝ። ስላይድም ሠርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል» ለምትባለዋ መልስ።

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። አንድ ጊዜ የታመቁ ፋይሎችን የምታነብ ትንሽ ፕሮግራም ዴቢያን ለሚባለው የሊኑክስ ሥርጭት ፓኬጅ አደረግኩ፤ ማለትም ተጠቃሚ በቀላሉ እንዲጭናት አሰናዳኋት። ላፕቶፔ ላይ ቢልድ አደረግኳት፣ ሞከርኳት፣ ሠራች፣ ላክኋት። ፓኬጆችን ቢልድ የሚያደርገው የዴቢያን ሰርቨር ላይም አንድም ስህተት ሳታሳይ አለፈች። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ተጠቃሚ ጻፈ፤ ዜድስታንዳርድ በሚባለው ዘዴ የታመቀ ፋይል አልከፍት ብሎታል። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? አዎ፣ እሷኑ። ያውም በኩራት!

ሁለተኛ ሰው ጻፈ። ሦስተኛ ተከተለ። ያኔ የሰርቨሩን ሎግ ከፍቼ መስመር በመስመር ወረድኩ። ኮንፊገር፣ ከቢልዱ በፊት ማሽኑ ላይ ምን እንዳለ የሚያየው ስክሪፕት፣ እየፈተሸ ይዘረዝራል፦ የስ፣ የስ፣ የስ። ዜድስታንዳርድ ጋ ሲደርስ «ኖ»። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

ለካ የዜድስታንዳርድ ላይብረሪን ዴቨሎፕመንት ፓኬጅ፣ ማለትም ቢልድ ለማድረግ የሚያስፈልጉትን ፋይሎቹን፣ ከወራት በፊት ለሌላ ሥራ ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ረስቼዋለሁ። ኮንፊገር ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ ነው። ያገኘውን አንሥቶ ይጠቀማል፤ ካጣ ያንን ተግባር ቆርጦ ዝም ይላል። የፓኬጁ መግለጫ በሆነው ኮንትሮል ፋይል ውስጥ፣ ለቢልድ የሚያስፈልገው በሚዘረዘርበት ቢልድ ዲፔንድስ ላይ ካልጻፍኩት ሰርቨሩ ከየት ያምጣው? የባሰው ደግሞ፣ ፓኬጁ የሚጠይቃቸውን ላይብረሪዎች ለይቶ የሚያወጣው ዲፒኬጂ ሽሊብዴፕስ የሚያየው ያለቀውን ባይነሪ፣ ማለትም የተገነባውን ፕሮግራም፣ ነው። ባይነሪው የማይጠራውን ላይብረሪ ፓኬጁም አይጠይቅም። ዱካው ሁሉ ጠፋ። ቢልዱ ቢወድቅልኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ባስተካከልኩት!

አሁንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ሞክሮ የሚልክ አለ። እናውቃችኋለን፤ የስህተት ሪፖርታችሁን የምናነበው እኛ ነን! ኤስቢልድ አለላችሁ። ፒቢልደር አለላችሁ። የፌዶራ ሊኑክስ ሰዎች፣ እናንተም ሞክ አላችሁ። ከመሠረታዊ ነገሮች በቀር ምንም የሌለበት ንጹሕ ክሩት፣ ማለትም ከማሽናችሁ የተለየ ሥርዓት፣ አዘጋጅተው፣ እናንተ የጻፋችሁትን ብቻ ይጭኑበታል። «ጊዜ ይፈጃል» ይሉኛል። የተጠቃሚውስ ጊዜ? ለሕዝብ የምንለቀው ፓኬጁን ነው እንጂ፣ ወንድሜ፣ ያንተን ላፕቶፕ አይደለም!

በእርግጥ ክሩት ብቻውን እኔን አያድነኝም ነበር፤ ሰርቨሩም እኮ ንጹሕ ነበር። ከክሩቱ የወጣውን ፓኬጅ ጭናችሁ ሞክሩ። ለኮንፊገርም የምትፈልጉትን በግልጽ እዘዙት፤ ካጣ ይውደቅ። ሜሶን በሚባለው ሌላ የቢልድ መሣሪያ ላይ ደግሞ፣ ከተገኘ ብቻ የሚካተተው ሁሉ ግድ እንዲሆን፣ አውቶ ፊቸርስን ኢኔብልድ አድርጉት።

ስላይዱ ላይ የቀሩት አጭር ናቸው። በቢልድ ጊዜ ከኢንተርኔት ማውረድን የዴቢያን ፖሊሲ ሜይን ለሚባለው ዋናው የፓኬጅ ክፍል ይከለክላል፤ አልከራከርበትም። ለቴስት ብቻ የሚያስፈልጉትን ቴስት በሚዘለልበት የቢልድ ዓይነት፣ በኖቼክ ፕሮፋይል፣ ለዩአቸው። ሰርኩላር ዲፔንደንሲ፣ ፓኬጆች ለመገንባት እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማለት ነው፣ የራሱን ቀን ይፈልጋል።

ዕረፍት ሳንወጣ ጥቂት ደቂቃ አለን። ላፕቶፓችሁን ክፈቱ። ከላካችሁት አንድ ፓኬጅ ምረጡና የሰርቨሩን ሎግ አውጡ። «ኖ» የሚለውን ፈልጉ። ያልጠበቀውን ያገኘ እጁን ያውጣ።