ባና እንዴት ይታጠባል? (ደብረ ብርሃን ላይ ለነጋዴዎችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ብርድ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ሌሊት ተነስታችሁ የደረሳችሁም አላችሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እኔ የመንዝ ባናና ዝተት ነው የምሸጠው፤ ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሸመን የብርድ ልብስ። እናቴ ትፈትላለች፣ አጎቴ ይሸምናል፣ እኔ ገዢ እፈልጋለሁ። ድረ ገጽ ያስከፈተኝም ይኸው የገዢ ፍለጋ ነው። እዚህ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ድረ ገጽ ከፍታችኋል፤ ለማስታወቂያ የሚከፈል ብር ግን የለም። ታዲያ ሰው እንዴት ይምጣ? እኔ የደረስኩበት መልስ አንድ ነው፦ ሰው የሚጠይቀውን መልሱለት፤ ይመጣል።

መጀመሪያ እኔም ቡስት አድርጌያለሁ፤ ልጥፌ ለብዙ ሰው እንዲታይ ከፍያለሁ። ብሩ እስካለ ሰው ይገባል። ባለቀ ማግስት ጭር ይላል። ቴሌግራም ላይም እለጥፋለሁ፤ ጥሩ ነው፣ አልተውኩትም። ግን ዛሬ የለጠፍኩት በሳምንቱ በሌላ ልጥፍ ይቀበራል። ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው ግን ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው። የዛሬ ዓመት የጻፋችሁትንም ዛሬ ያገኘዋል።

ስልኬ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ዋጋ አይደለም። «ባናው ቆሸሸብኝ፣ እንዴት ልጠበው?» ነው። ስንት ጊዜ እንደመለስኩት እንጃ። አንድ ማታ እናቴ አጠገብ ቁጭ አልኩና እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩት። ሙቅ ውሃ አታስነኩት፤ የበግ ጸጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና ጫን ጫን አድርጉት እንጂ አትጠምዝዙት። ጥላ ላይ ዘርጉት። እጇ ባናውን ሲጫን ፎቶ አንስቼ ጨመርኩበት። ርዕሱንም «ባና እንዴት ይታጠባል?» አልኩት፤ ልክ ሰው በአፉ እንደሚጠይቀው።

ከዚያ በፊት የገጼ ርዕስ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ» ነበር። ይህን ብሎ ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው የለም። ዛሬ ከሁሉም ገጾቼ ብዙ ሰው የሚገባበት ያ የአስተጣጠቡ ገጽ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ከታች ባናዎቹን ያያሉ። ከዚያ ይደውላሉ።

እናንተም ዘንድ ጥያቄው ሞልቷል። የሚንጃር ጤፍ የምትሸጡ፣ «ጤፉ የሚንጃር መሆኑን በምን ልወቅ?» ተብላችሁ አታውቁም? የጅሩ ሰንጋ የምታደልቡ፣ ምን እንደምታበሉት ስንቱ ጠይቋችኋል? መንዝ ውስጥ ወዳለው ጓሳ እንግዳ የምትወስዱ ልጆች ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አላችሁ። ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ አያውቅም። ምን ልልበስ፣ የትኛው ወር ይሻላል፣ መኪና እስከ የት ይገባል ይላል። እናንተ አድጋችሁበታል። ጻፉት።

አሁን የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ እናንተ ላይ እንዳይደርስ። ድረ ገጹ ከተከፈተ አራት ወር ሙሉ ጉግል ላይ ስሜ አልወጣም። በየማታው እፈልጋለሁ፣ የለም። ለካ የሠራልኝ ሰው ሥራው ሳያልቅ እንዳይታይ ብሎ እንደ ጉግል ያሉ የፍለጋ ሞተሮችን የሚከለክለውን ሳጥን ምልክት አድርጎበት ነበር። ጨርሶ ሲያስረክበኝ ሳያነሳው ቀረ። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ፣ ሳጥኑ ሴቲንግ ውስጥ የንባብ ምርጫዎች የሚለው ክፍል ላይ ነው። ዛሬውኑ እዩት። አራት ወር ቀላል አይደለም። ክረምቱ፣ ዋናው የባና ወቅት፣ በዚያው አለፈኝ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ጻፉ፤ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) አድርጉ፤ ክፍት ቦታ ሳትተዉ የድረ ገጻችሁን አድራሻ አስከትሉ። ገጾቻችሁ ከተዘረዘሩ ጉግል ያውቃችኋል። ምንም ካልመጣ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ተመዝገቡ። በነፃ ነው። ሳይትማፕ የሚባለውን የገጾቻችሁን ዝርዝር እዚያ ታስገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ እንደታያችሁ ቃል በቃል ያሳያችኋል። እኔ ዝተትን እንደ ምንጣፍ ለማንጠፍ የሚፈልግ ሰው መኖሩን ያወቅኩት ከዚያ ነው። ወዲያው አንድ ገጽ ጻፍኩለት።

የፊደል ነገርም አለ፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። እኛ «ጸጉር» እና «ፀጉር» አንድ ናቸው እንላለን። ለኮምፒውተር ግን ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ እና ሐም፣ ሰ እና ሠም እንደዚያው። የአገራችን ስሞች ደግሞ ባሰባቸው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረብርሃን፣ ደ/ብርሃን። ጣርማ በር፣ ጣርማበር። ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋሮቢት። ጉግል አስቦ ያገናኘዋል ብላችሁ አትተዉት። ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አድርጉ፤ ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ አግቡት። ብቻ ቃል አትደርድሩ። ለአንባቢ ያስጠላል፣ ጉግልም አይወደውም።

ሊንክ፣ ሲነኩት ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደው ማያያዣ፣ ዋስ ማለት ነው። ባላገር ውስጥ እንግዳ ሰው ብድር ሲጠይቅ ዋስህ ማነው ይባል የለ? የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ድርጅቱን ሲያቋቁሙ ዋናው ሐሳባቸው ይኸው ነበር፦ ሌሎች ድረ ገጾች የሚጠቁሙት ገጽ ይታመናል፤ ጠቋሚው ራሱ የታመነ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ እርስ በርስ እንዋዋስ። ጓሳ የምትወስዱ ልጆች፣ ስለ ብርዱ ስትጽፉ ወደ ባናው ገጽ ጠቁሙ። እኔም ባናው የመጣበትን አገር ማየት ለሚፈልግ ሰው እናንተን እጠቁማለሁ። ሊንክ እንሽጥላችሁ የሚሏችሁን አትስሙ፤ የጉግልን ደንብ ይጥሳል፣ ብራችሁም ገደል ይገባል።

ፎቶ አሳንሱ። ከስልክ እንደወጣ 4 እና 5 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ የገዢው ዳታ ያልቃል፣ ሳይከፈትለት ትቶ ይሄዳል። ዋጋችሁንም ፎቶ ላይ ብቻ አትጻፉ፤ በጽሑፍም አስቀምጡት።

ጊዜ ይወስዳል። የአስተጣጠቡ ገጽ እንኳ ሰው እስኪያገኘው ሳምንታት ፈጅቷል። እስከዚያ እኔ ሌላ ጥያቄ እየጻፍኩ ነበር።

ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ሻይ እስኪቀርብ እያንዳንዳችሁ ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቃችሁን አምስት ጥያቄ ጻፉ፤ ልክ እሱ በተናገረበት ቃል። ከሻይ በኋላ አንዱን መርጠን አብረን እንመልሰዋለን። ድረ ገጹ ጉግል ላይ አልወጣ ያለው ሰው ካለ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ይምጣ። አመሰግናለሁ።