ጉዳይ የሌለው ጉዞ
(በዓለም የብስክሌት ቀን በባሕር ዳር ለተሰበሰቡ ብስክሌተኞችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የብስክሌት ወዳጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ግንቦት 26 በየዓመቱ የብስክሌት ቀን ሆኖ እንዲታሰብ የወሰነው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውሳኔው ላይ ብስክሌት ቀላል፣ ዋጋው የማይከብድ፣ አስተማማኝና አየር የማይበክል መጓጓዣ መሆኑን ገልጿል። ይህ ለባሕር ዳር ሰው አዲስ ዜና አይደለም። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ጎዳናዎቿም ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው በመሆናቸው ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገባው ሠራተኛ፣ ደብተሩን ከኋላ ያሰረው ተማሪ፣ ከገበያ ዘንቢል አንጠልጥላ የምትመለሰው ሴት ሁሉ ብስክሌትን የኑሮ መሣሪያ አድርገውት ቆይተዋል። እኔ ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ግን ስለ ሌላው ጉዞ ነው፤ ሰው አንድ ቦታ ለመድረስ ሳይሆን ለመንዳት ብሎ ብቻ ስለሚወጣው፣ ጉዳይ ስለሌለው ጉዞ።

በእኛ ዘንድ ያለ ጉዳይ ሲዞር የታየ ሰው ሥራ ፈት ይባላል። አንድ ጎልማሳ እሑድ ጠዋት ብስክሌቱን ይዞ ሲወጣ ጎረቤት «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ወዴትም አይደለም» የሚለው መልስም አያረካውም። በሌላ በኩል ብስክሌትን እንደ ስፖርት ስናነሣ አሳባችን ወዲያው ወደ ታላላቅ መድረኮች ይሮጣል። ይህም ተገቢ ነው፤ ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ በ1960 ደግሞ በሮም ኦሎምፒክ ለአገሩ የጋለበ ሰው ነው፤ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ነገር ግን በሥራ ዕቃውና በሜዳሊያው መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ አብዛኞቻችን የምንገኘውም እዚያ ነው። በዚያ ቦታ የሚገኙትን ድሎች የሚመዘግባቸው ሰው ባይኖርም ድሎች መሆናቸው አይቀርም።

ቤዛዊትን ውሰዱ። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው የሚያገኘው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ይህ ኮረብታ፣ ለጎንደር ወይም ለላሊበላ ሰው ከአቀበት የሚቆጠር አይደለም፤ ሜዳ ለለመደ የባሕር ዳር እግር ግን በቂ ፈተና ነው። ጀማሪው መጀመሪያ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ይወርድና ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ሌላ ጊዜ ከዚያ ትንሽ አልፎ፣ ባለፈው ከወረደበት ዛፍ ቀጥሎ እስካለው ዛፍ ይደርሳል። አንድ ቀን ታዲያ ምንም ሳይወርድ ጫፍ ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ቁልቁል እያየ ይቆማል። የሚያጨበጭብለት የለም፤ ቢኖር እንኳ ከጉድ የሚቆጠረውን ነገር ማስረዳት ያዳግተዋል።

ይህ ድል የጉልበት ብቻ አይደለም። ማርሽ የሚቀየረው አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ እግር ሙሉ ኃይሉን ፔዳሉ ላይ ካሳረፈ በኋላ አለመሆኑን ያወቀ ሰው ካቴናው እየዘለለ አያስቸግረውም። ኮርቻውን በልኩ ያስተካከለ ሰውም ጉልበቱን አይታመምም። በከተማችን ብዙ ኮርቻ ከልክ በታች ዝቅ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው ተቀምጦ ሁለቱንም እግሩን መሬት ማሳረፍ ይፈልጋል። ተረከዝ ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት፤ መለኪያው ይኸው ነው፤ ከአንድ መፍቻ በቀርም ወጪ የለውም።

ነፋሱም ያስተምራል። ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅና በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ቀዝቃዛው አየር ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት የብሱ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ የወጣ ሰው ያን ዕለት ራሱን እጅግ ጎበዝ አድርጎ ይቆጥራል፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ መልሶ ወደ ቤቱ ሲገሰግስ ግን ጎበዙ ማን እንደነበር ይረዳል። የሰው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በቡድን ስንሄድ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳውም ለዚሁ ነው፤ ከፊት ያለው ነፋሱን ሲሰብር ከኋላ ያለው ያርፋል፤ ትንሽ ቆይቶም ይቀያየራሉ። ጠንካራው ብቻውን ቢሄድ ቀድሞ ሊደርስ ይችል ነበር፤ እየመረጠ ከፊት ሲቆይ ማየት ከማሸነፉ ይልቅ ያስደስተኛል።

የከተማችን ጎሚስታዎች ይቅር ይበሉኝና፣ የፈነዳ ጎማን በገዛ እጅ መጠገንም ከድሎቹ አንዱ ነው። የውስጡን ጎማ በጥቂቱ ነፍቶ ውኃ ውስጥ መንከር፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ማግኘት፣ አድርቆና ፍቆ መለጠፍ ማንም የሚለምደው ሥራ ነው። ከሁሉ የሚረሳው ግን የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት ዳስሶ የወጋውን እሾህ መንቀል ነው፤ እሾሁ እዚያው ከቀረ ጥገናው ከቤት ደጃፍ አያሳልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፤ ይህ መልካም ነው። መስመሩ ላይ ግን እነማን አሉ ብለን ብንጠይቅ፣ ሴት ልጆቻቸውን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት እየላኩ ያሳደጉ፣ ራሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ኮርቻ ላይ ያልተቀመጡ ብዙ እናቶች አለመኖራቸውን እናያለን። «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ፍርሃት ከመውደቅ ፍርሃት ይበልጣል። መማሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ፔዳሎቹ ይፈታሉ፤ ኮርቻው ለጊዜው ዝቅ ይላል፤ ተማሪዋ በጥቂቱ ዘንበል ባለ መሬት ላይ በእግሯ እየገፋች ትንሸራተታለች፤ ሚዛኑ ሲገባት ፔዳሉ ይመለሳል። ከኋላ ይዞ የሚሮጥ ሰው አያስፈልግም፤ ይልቁንም የሚይዛት ሰው ሚዛኗን ያሳጣታል። ማስታወስ ያለባት ነገር ቢኖር ፊት ጎማውን ሳይሆን የምትሄድበትን ማየት ነው፤ ዐይን ወደሄደበት ብስክሌቱም ይሄዳልና።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። እሑድ ጠዋት፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ለአዋቂ ጀማሪዎች ብቻ የሚሆን ጸጥ ያለ ሜዳና ጥቂት ዝቅ ያሉ ብስክሌቶች ይዘጋጁ፤ ተመልካችም አይጋበዝ። መፍቻውን እኔ አመጣለሁ። የግራው ፔዳል ከቀኙ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቤ ቢቆም ደግሞ ሥራው ይፈጥናል።

አመሰግናለሁ።