የግላስ ብሎክ ጌጥ፦ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ መብራቱና ስለ ቀለሙ

ለደረጃና ለመታጠቢያ ቤት ብርሃን ማስገቢያ የሚደረደረው ግላስ ብሎክ፣ በጠባቡ ጎኑ ተበስቶ ትንንሽ መብራት ሲገባለት የሳሎን ጌጥ ይሆናል። የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ በዚሁ ዙሪያ ናቸው። መልሶቹ የተሰጡት 19 በ19 በ8 ሴንቲ ሜትር ለሆነው፣ ውስጡ ባዶ ለሆነው የተለመደ ብሎክ ነው።

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ ሁለት ብሎክ ለመብሳት ሞከርኩ፤ ሁለቱም ሊያልቁ ትንሽ ሲቀራቸው ተሰነጠቁ። የተጠቀምኩት የግንብ ፑንታ ነው። ምኑን ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ እህታችን፣ ዋናው ጥፋት ፑንታው ነው። የግንብ ፑንታ እየቀጠቀጠ ይበሳል፤ መስታወት ግን የሚበሳው ቀስ በቀስ ሲፋቅ ብቻ ነው። ጫፉ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠ፣ እንደ ቧንቧ ክፍት የሆነ የ20 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይግዙ፤ ሴራሚክ የሚበሱ ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ነው። ድሪሉ በመዶሻ ስልት ላይ እንዳይሆን፤ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ይሁን፣ በደቂቃ ከ300 እስከ 600 ዙር ይበቃል። ውሃ ስለሚኖር በባትሪ የሚሠራ ድሪል ይሻላል። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ።

ብሎኩን እርጥብ ፎጣ ላይ በጎኑ ያቁሙት። ጎኑ ላይ መሐል ለመሐል የሚያልፍ ስፌት ይታይዎታል፤ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ነው፣ መስታወቱም እዚያ ላይ ይወፍራል። ከስፌቱ ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ይበሉ፤ ከማዕዘኑም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ፑንታው መሐሉ ላይ መሪ ጫፍ ስለሌለው መጀመሪያ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር የተበሳ ቁራጭ ጣውላ በፕላስተር አጣብቀው እንደ መሪ ይጠቀሙ፤ መስመር ከያዘ በኋላ ጣውላውን ያንሱት። ከዚያ ዙሪያውን በሊጥ ትንሽ ግድብ ይሥሩና ውሃ ይሙሉበት።

አሁን ሥራው የትዕግሥት ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። የድሪሉ ክብደት ራሱ ይበቃል፤ በእጅዎ አይጫኑት። ውሃው እንደ ወተት ከነጣ በትክክል እየፋቀ ነው። ደረቅ ነጭ ዱቄት ካዩ ግን ወዲያው ያቁሙ፤ መስታወቱ ግሏል ማለት ነው፣ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይቀየራል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ይጫንና መጨረሻ ላይ የቀረችው ስስ መስታወት ከነዙሪያዋ ትሰበራለች፤ የእርስዎም ብሎኮች ሊያልቁ ሲሉ የተሰነጠቁት በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ቀዳዳው አምሮ ወጣልኝ፤ ውስጡ ግን ነጭ ጭጋግ ይዟል። ክብ ቁራጭ መስታወትም ገብቶበታል።

መልስ፦ ብሎኩ ፋብሪካ ውስጥ የሚጋጠመው ትኩስ እያለ ነው። ውስጡ የታፈነው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ያንሳል። ስለዚህ ፑንታው ጥሶ በገባበት ቅጽበት ብሎኩ "እስስ" ብሎ አየር ይስባል፤ ከአየሩም ጋር ዙሪያው ያለውን ነጭ ውሃ ይውጠዋል። ጭጋጉ እሱ ነው። ለሚቀጥለው ብሎክ፣ ድምፁ ሲቀየር ቆም ብለው ግድቡ ውስጥ ያለውን ውሃ በስፖንጅ ይምጠጡ፤ ቀዳዳው እርጥብ ብቻ ይሁን።

የአሁኑ ይድናል፤ ግን ጭቃው ሳይደርቅ ቢታጠብ ኖሮ ይቀል ነበር። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አስገብተው እየናጡ ደጋግመው ያጥቡት። የፈላ ውሃ በፍጹም አይጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ የጨው ነጠብጣብ ስለሚተው፣ መጨረሻ ላይ ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሲገዙ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ለይተው ይጠይቁ። ክቡ ቁራጭ ከቀዳዳው ስለሚያንስ ብሎኩን ዘቅዝቀው ቢያወዛውዙት ይወጣል። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው ሁለት ቀን ያድርቁት። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት፤ አለበለዚያ የመብራቱን ሽቦ ይልጠዋል።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ለእናቴ ሠርቼ አዲስ አበባ ልወስድላት ነው። እዚህ የሚሸጠው የገና መብራት ይሆናል?

መልስ፦ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ አይሆንም። እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ስለሆነ ገና እንደተሰካ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ርካሽ ማያያዣ ቮልቱን አይቀንስም። በዩኤስቢ የሚሠራ 5 ቮልት ኤልኢዲ ይውሰዱ፤ እናትዎ በማንኛውም የስልክ ቻርጀር ያበሩታል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 50 አምፖል ለአንድ ብሎክ በቂ ነው። ጠቅልለው አይወርውሩት፤ በረጅም ቀጭን እንጨት እየገፉ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይበትኑት። በድንጋይ የሚሠራውን ከመረጡ የድንጋዩ ሳጥን ውጭ ይቅር፤ ድንጋይ ባለቀ ቁጥር ሽቦውን ሁሉ ከመጎተት ያድንዎታል። ቀዳዳው ወደ ታች የሚዞር ከሆነ አራት የጎማ እግር ይለጥፉለት፤ አለበለዚያ ብሎኩ ሽቦው ላይ ይቀመጥበታል።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ የአደይ አበባ ሥዬበት በሳምንቱ ተላጠ።

መልስ፦ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ከነበረ መስታወት ላይ አይቆይም። ለመስታወት የሚሆን ኢናሜል ቀለም ይጠቀሙ፤ ከዚያ በፊት ፊቱን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉትና በጣትዎ አይንኩት፤ የእጅ ቅባት ብቻውን ቀለም ያስለቅቃል። ከአንድ ወፍራም ቅብ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ ይሻላል። ብልቃጡ ላይ "ምድጃ ውስጥ ይጋገር" ቢልም ብሎክ አይጋገርም፤ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ እኩል አይደርሰውም፣ ይፈነዳል። ሦስት ሳምንት ሳይነካ ይድረቅ። ሥዕል ለማይሆንለት ሰው፣ የቢሮ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጭጋግ መሳይ ስቲከር የተሻለ ምርጫ ነው፤ ስቲከር ቤት ስም ወይም የመስቀል ቅርጽ ይቆርጡልዎታል። ፊቱ ሞገድ ያለው ብሎክ ግን ስቲከር ስለማይዝ ለስላሳውን ይግዙ።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ሻማ ቢገባበትስ? ግድግዳ ላይስ ይሰቀላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆንም። ሻማው አንዱን ቦታ ብቻ አግሎ ይሰነጥቀዋል። ብሎኩ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ሰፋ ያለና የማይነቃነቅ መደርደሪያ ላይ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ያስቀምጡት።