ጳጳሱ ፈርመዋል፤ ካህናቱን ጠይቀዋል ወይ?

[ምስል፦ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ካህናት]

አንድ የካቶሊክ ጳጳስ ሁለት ቁምስናዎችን፣ ማለትም ሁለት አጥቢያዎችን፣ አንድ ሊያደርጉ አስበዋል እንበል። ካህን ጠፍቷል፣ ምእመኑ ቀንሷል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ምክንያታቸው በቂ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ ማኅተሙም አጠገባቸው ነው። ፈርመው መገላገል ይችላሉ?

አይችሉም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና ቁጥር 515፣ ቁምስና ከመዝጋትህ ወይም ጉልህ ለውጥ ከማድረግህ በፊት የካህናት ምክር ቤቱን ስማ ይላቸዋል።

"ስማ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ብዙ ሰው የካቶሊክ ጳጳስን ፈላጭ ቆራጭ አድርጎ ነው የሚያስበው። እውነትም በሀገረ ስብከታቸው ሕግ የሚያወጡትም፣ የሚያስተዳድሩትም፣ የሚፈርዱትም እሳቸው ናቸው። ግን ሕጉ ሁለት ልጓም አበጅቶላቸዋል፤ አንዱ ስምምነት፣ ሌላው ምክር።

ስምምነት ቀላሉ ነው። ዋጋው ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የሀገረ ስብከት ንብረት ለመሸጥ የፋይናንስ ምክር ቤቱና የአማካሪዎች ጉባኤው እሺ ማለት አለባቸው። ጉባኤው ከ6 እስከ 12 ካህናት አሉት። እምቢ ካሉ ሽያጭ የለም፣ አለቀ። ገንዘብ ላይ ሕጉ ቀልድ አያውቅም፤ የጳጳሱ ዘመድ እስከ አራተኛ የዝምድና ደረጃ ድረስ ፋይናንስ ምክር ቤቱ ውስጥ መግባት አይችልም።

የሚገርመው ምክሩ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቀኖና 127]

ጳጳሱ ምክር ቤቱን ሰብስበው ይጠይቃሉ። ካህናቱ አንድ ሳይቀር "አይሆንም" ቢሉም መፈረም ይችላሉ። ሕጉ "በተለይ ሁሉም ከተስማሙ፣ ያለ ከባድ ምክንያት ከሐሳባቸው አትውጣ" ይላል፤ ግን ምክንያቱን የሚመዝኑት ጳጳሱ ራሳቸው ናቸው። ሳይጠይቁ ከፈረሙ ግን ውሳኔው ፉርሽ ነው። መልሱን አለመቀበል ይቻላል፣ ጥያቄውን መዝለል ግን አይቻልም።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የክሊቭላንድ ሀገረ ስብከት ብዙ ቁምስናዎችን ዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ቫቲካን የ13ቱን መዘጋት ሻረችው፤ ሕጉ የሚያዘው ሥርዓት አልተጠበቀም ተብሎ። ጳጳሱም ይግባኝ አላሉም፣ እንዲከፈቱ ወሰኑ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዘመን የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ለካህናቱና ለዲያቆናቱ ሲጽፍ፣ ከተሾምኩ ጀምሮ ያለ እናንተ ምክርና ያለ ሕዝቡ ፈቃድ በራሴ ሐሳብ ብቻ ምንም ላላደርግ ቆርጫለሁ ብሏል። ከእሱ በፊት የአንጾኪያው አግናጥዮስ ካህናትና ጳጳስ የሚስማሙት ልክ ጅማቶች ከበገና ጋር እንደሚስማሙት ነው ብሎ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጅማት ቢላላ ምን እንደሚሰማ በገና የሰማ ያውቀዋል።

የዛሬው ምክር ቤት የመጣው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ነው። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉን ካህናቱ ራሳቸው ይመርጣሉ። የሚጠራውና የሚመራው ግን ጳጳሱ ነው፤ አጀንዳውም በእሱ እጅ ነው። የእኔ ጥርጣሬ እዚህ ጋ ይጀምራል። የቁምስናው ጉዳይ የመጨረሻዋ ተራ ላይ፣ "ልዩ ልዩ" የሚለው ሥር ገባ እንበል። ሰዓቱ ሄዷል፣ ግማሹ ቦርሳውን ይዟል፣ አንዱ የመኪና ቁልፉን እየፈለገ ነው። "አስተያየት አለ?" ይባላል። ዝም። ቃለ ጉባኤው ላይ "ምክር ቤቱ ተሰምቷል" ተብሎ ይጻፋል። ሕጉ ተሟልቷል። ማን ምን ሰማ?

መንበሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ፣ ለምሳሌ ጳጳሱ ሲሞቱ፣ ይሄው ምክር ቤት ይፈርሳል። የአማካሪዎቹ ጉባኤ በ8 ቀን ውስጥ የሀገረ ስብከት አስተዳዳሪ ይመርጣል። ያኔ የካህናቱ ድምፅ ምክር ብቻ አይደለም፣ ይቆጠራል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ.]

በሮም የተካሄደው ሲኖዶስ የመጨረሻ ሰነድ ይህችን "ድምፁ ምክር ብቻ ነው" የምትል አባባል እንደገና እንያት ብሏል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ከሲኖዶስ በኋላ የተለመደውን "ሐዋርያዊ ምክር" የሚባል የራሳቸውን ጽሑፍ ሳያወጡ ሰነዱን እንዳለ አጸደቁት። ሰነዱ የምክር ቤቱን ድምፅ አስገዳጅ አላደረገውም። የጨመረው ነገር፣ ካህናቱ ከተስማሙበት ሐሳብ ጳጳሱ ከወጣ ምክንያቱን ያስረዳ የሚል ነው። ስለዚህ የእኛ ጳጳስ ካህናቱን ሰምተው፣ ሳይቀበሏቸው ቢፈርሙ፣ ወደዚያው ጠረጴዛ ተመልሰው "እሺ ያላልኳችሁ በዚህ በዚህ ምክንያት ነው" ማለት ይጠበቅባቸዋል።