ያ ደጉ አሁንም ውስጡ አለ?

እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። በቴሌግራም የላካችሁልኝን የስደት ጥያቄዎች ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። አልሆነልኝም። ሆስፒታል ያገኘኋት የአንዲት እናት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። የስደቱ ለሚቀጥለው ይሁን።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ሕዋስ ውስጥ የትኛው ጂን እየሠራ ነው፣ የትኛውስ ዝም ብሏል? የዓይን ሕዋስም የጉበት ሕዋስም የያዙት ጂን አንድ ነው። የሚለያቸው የሚሠራውና ዝም ያለው ነው። እማዬ "ይህም ሥራ ሆኖ ይከፈልሻል?" ትለኛለች። ይከፈለኛል እማዬ።

እና አዲስ አበባ ነኝ፣ ሐኪም ጓደኛዬን የሆስፒታል ኮሪደር ላይ እየጠበቅኋት። አጠገቤ ልጇን ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች። ከጋምቤላ ነው የመጡት። ልጁ ሲክል ሴል የሚባል የሚወረስ የደም በሽታ አለበት። ቀይ የደም ሕዋሱ የማጭድ ቅርጽ እየያዘ ደም ሥሩን ይዘጋበታል። ሕመሙ አጥንት ድረስ ነው። ደጋ ላይ ብዙ አናውቀውም። ወባ ባለበት ቆላ ግን አለ። የበሽታውን ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰውን ሰው ከከባድ ወባ ይከላከልለታል። ከሁለቱም የወረሰው ነው የሚታመመው።

"እህቴ፣ ስወልደው እኮ ደህና ነበር" አለችኝ። "እየጠባ ወፈረልኝ። ወራት ሲቆጥር ነው እጅና እግሩ ያበጠው። ምን አበላሁት?"

ምንም አላልኩም መጀመሪያ። ከዚያ ነገርኳት። ምንም ያበላሽው የለም አልኳት። ሂሞግሎቢን በቀይ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነው፤ ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ ደሙ ሌላ ሂሞግሎቢን ነው የሚጠቀመው፣ የፅንስ የሚባለውን። እሱ ደህና ነው፤ ሕዋሱን አያጣምመውም። ከተወለደ በኋላ በወራት ውስጥ ሰውነቱ እሱን ዝም ያሰኝና የአዋቂውን ይጀምራል። የልጅሽ ችግር ያለው በአዋቂው ላይ ነው፣ በጂኑ አንዲት ፊደል።

ልጁን አየችው። ከዚያ "ታዲያ ያ ደጉ አሁንም ውስጡ አለ?" አለችኝ።

እዚህ ጋ ነው የምቆመው። ስተኛም ስነዳም እዚሁ ጋ ነኝ። ጥያቄዋን ልብ በሉልኝ እስኪ። "ይድናል ወይ" አላለችም። "አሁንም አለ ወይ" ነው ያለችው። ለዚህች ጥያቄ እኮ ሳይንቲስቶች ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። በ1948፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ጃኔት ዋትሰን የምትባል የብሩክሊን የሕፃናት ሐኪም የአራስ ልጆች ደም ብዙም ማጭድ እንደማይሠራ አስተዋለች። የፅንሱ ሂሞግሎቢን ይሆናል የሚከላከልላቸው አለች። ማን ዝም እንደሚያሰኘው ለማወቅ ግን 60 ዓመት ፈጀ። በ2008 ስቱዋርት ኦርኪንና ቪጄይ ሳንካራን ከባልደረቦቻቸው ጋር ቢሲኤል11ኤ የሚባለው ጂን መሆኑን አሳዩ።

ቆይ፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ቢሲኤል11ኤ በአንጎልም፣ በሽታ በሚከላከሉ ሕዋሳትም ውስጥ ሥራ አለው። ከሥሩ ብትነቅሉት ሌላ ቦታ ጉዳት ነው። በ2013 ግን ይህንኑ ጂን ቀይ ደም በሚሠሩ ሕዋሳት ውስጥ የሚያበረታ የዲኤንኤ ቁራጭ ተገኘ። ያቺን ቁራጭ ብቻ ስታበላሹ ጂኑ ደሙ ላይ ይዳከማል፣ የፅንሱ ሂሞግሎቢን ይመለሳል፣ አንጎሉ ግን ሳይነካ ይቀራል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። አንድ ጂን፣ በየአካሉ ሌላ ማዘዣ!

በዚህ መንገድ የተሠራው ካስጌቪ የሚባለው ሕክምና በታኅሣሥ 2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሲፈቀድ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሁለት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን። ያኔ የተፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነበር። በዚያ ላይ መጀመሪያ መቅኔውን በከባድ ኬሞቴራፒ ባዶ ማድረግ አለ፤ እሱ ደግሞ በኋላ መውለድን ሊያሳጣ ይችላል።

እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ "አዎ፣ አለ" አልኳት።

እውነት ነው እኮ። አለ። ፊቷ በራ። ልጁን "ሰማህ?" አለችው። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ ወደ ኪኒኑ ሄድኩ፣ ሃይድሮክሲዩሪያ። እንደ ካስጌቪ አይደለም፣ ዋጋውም ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ የፅንሱን ሂሞግሎቢን በከፊል ይቀሰቅሳል። ሕመሙን ይቀንስለታል፣ ሐኪሟን ጠይቂያት አልኳት። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ማታ ላይ ግን ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። መድኃኒቱን የሠሩት ሰዎች ላይ አይደለም፣ እነሱንማ እወዳቸዋለሁ። ብቻ... ይህ በሽታ በብዛት ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው። መልሱ ያለው ልጁ ሕዋስ ውስጥ ነው። መክፈቻው ግን በዶላር ተሰቅሏል። እናት ልጇ ውስጥ ያለውንና የማትደርስበትን ነገር ማወቋ ይጠቅማታል? "ምን አበላሁት" የሚለውን ጸጸት ከላይዋ ካነሳላት ይጠቅማታል እላለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን፣ አንዱን ሸክም አንስቼ ሌላ ጫንኩባት ይሆን እላለሁ። አንዳንዴ ሁለቱንም በአንድ ቀን...

ይልቅ ሌላ የሚያስገርመኝ አለ። ካደጉ በኋላም የፅንስ ሂሞግሎቢናቸው የማይዘጋ ሰዎች አሉ። ሲወለዱ ጀምሮ እንደዚያ ናቸው። ጤነኞች ናቸው፣ ይሠራሉ፣ ይወልዳሉ። ታዲያ የኛ ሰውነት ምን ቸኩሎ ነው የሚዘጋው? በምሥራቅ ሳዑዲም ሲክል ሴል ኖሮባቸው የፅንሱ ሂሞግሎቢን ከፍ ያለላቸው፣ በሽታውም ቀለል የሚልላቸው ብዙ ናቸው። እዚያ አካባቢ ሆስፒታል የምትሠሩ አድማጮች ካላችሁ፣ ምን እንደምታዩ በድምፅ ላኩልኝ፣ ምክንያቱም እኔ አንድ የምጠረጥረው ነገር... አይ፣ መጀመሪያ እናንተን ልስማ።