ምክንያቱ ሄዶ ጥያቄው ሲቀር

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ የተከበራችሁ ደራስያንና የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፤

እንድናገርበት የተጋበዝሁት ርዕስ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን ስላጋመሰ፣ ትዳር ስላልያዘችና በዚህም ሰበብ የዘመድ አዝማድ መነጋገሪያ ስለሆነች ሴት የሚተርክ አስቂኝ ልቦለድ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲነሣ ብዙ ሰው ገልጦ ሳያየው «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐያሲ ነኝ የሚለውም ሰው ቢሆን ሲያነበው የሳቀበትን መጽሐፍ በአደባባይ ሲያመሰግን እምብዛም አይሰማም፤ ያለቀሰበትን ግን ሳይጠየቅ ያወድሳል። እኔ ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ሐሳብ የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ሳቅ ከሴትየዋ ድክመት አይመነጭም የሚል ነው። ሳቁ የሚመነጨው አንድ ማኅበራዊ ግዴታ ያስገደደው ምክንያት ከጠፋ በኋላም ግዴታ ሆኖ በመቀጠሉ ነው። ይህን ለማሳየት የዘርፉን ፈር ቀዳጅ ሥራ እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

በ1995 ሄለን ፊልዲንግ የተባሉ እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ለንደን ውስጥ ይታተም በነበረው ዘ ኢንዲፔንደንት ጋዜጣ ላይ ስለ ላጤነት ኑሯቸው ቋሚ ዓምድ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። የገዛ ገበናቸውን በስማቸው አደባባይ ማውጣቱን አልወደዱትምና ብሪጅት ጆንስ የምትባል ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ነገሩን ሁሉ በእርሷ አንደበት አስነገሩ። ዓምዱ በዓመቱ፣ በ1996፣ «የብሪጅት ጆንስ ማስታወሻ» ተብሎ ልቦለድ ሆነ፤ በ2001 ደግሞ ፊልም ተሠራበት። እኔ መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ያ ጭንብል ይመስለኛል። በገዛ ስሙ ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው ጥፋቱን ሲናዘዝ እንኳ ኑዛዜውን አሳምሮ ነው፤ ጭንብል ያጠለቀ ጸሐፊ ግን ማንም ሰው በስሙ ሊፈርምባቸው የማይደፍራቸውን ጥቃቅን ከንቱነቶች፣ ማለትም ስልክ እስኪደወል አፍጥጦ መጠበቅን፣ ለጓደኛ የተነገረን ትንሽ ቅጥፈት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተበላን ቸኮላት ሳይቀር ያለ ርኅራኄ ይዘረግፋቸዋል።

የማስታወሻ መልክ ያለው አስቂኝ ልቦለድ በእንግሊዝ አዲስ አልነበረም። ወንድማማቾቹ ጆርጅና ዊደን ግሮስሚዝ በ1892 የአንድን ተራ የቢሮ ጸሐፊ ማስታወሻ አሳትመው ነበር፤ ኢ. ኤም. ዴላፊልድ በ1930 የአንዲትን የገጠር እመቤት፣ ሱ ታውንሴንድ ደግሞ በ1982 የአንድን አፍላ ጎረምሳ ማስታወሻ በዚሁ መልክ ጽፈዋል። የግሮስሚዝ ወንድማማቾች ባለታሪክ አስቂኝነቱን ፈጽሞ አያውቅም፤ እኛ ከላይ ሆነን እንስቅበታለን። ብሪጅት ግን አስቂኝ መሆኗን ታውቃለች፣ እንዲያውም ከእኛ ቀድማ ትስቃለች። ይሁን እንጂ የምትስቀው መሳቅ በማይገባት ነገር ላይ ነው፤ በራሷ ላይ ትስቃለች፣ መሳቂያው ግን የቆመችበት መለኪያ ነው።

መለኪያው ደግሞ በየገጹ አለ። የእያንዳንዱ ቀን ማስታወሻ በቁጥር ይጀምራል፤ ክብደቷ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል መጠጥ እንደጠጣች፣ ስንት ሲጋራ እንዳጨሰች፣ ስንት ካሎሪ እንደበላች ይሰፍርና በጎኑ በቅንፍ ውስጥ ራሷ የሰጠችው ማርክ ይከተላል። ጠዋት የተጻፈው ቁርጠኛ ውሳኔና ማታ የተጻፈው የሽንፈት ሪፖርት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በመካከሉ የሆነውን የሚሞላው አንባቢው ነው። ደራሲዋ የውድቀቱን ትዕይንት ከመተረክ ይልቅ ከውሳኔው ወደ ቁጥሩ ዘለው ይሄዳሉ፣ ሳቁም ባልተጻፈው ቦታ ላይ ይፈነዳል። የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ መጽሐፍ እንስረቅ ብንል መጀመሪያ የሚሰረቀው ይህ ዝላይ ነው።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ብሪጅት በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ለ18 ዓመታት ስትመኘው የኖረችው ክብደት ላይ ትደርሳለች። ቀኑ ለእርሷ ታሪካዊ ነው፤ ጠባብ ልብሷን ለብሳ ወደ ግብዣ ትሄዳለች፣ አድናቆቱን ለመቀበልም ተዘጋጅታለች። ያዩዋት ሰዎች ግን ደክሟት እንደሆነ ይጠይቋታል። በነገታው የቅርብ ጓደኛዋ ቶም ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ እንደ ምንም ተግደርድሮ የቀድሞ መልኳ ይሻል እንደነበር ይነግራታል። 18 ዓመት የፈጀው የመደመርና የመቀነስ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሜዳ ላይ ቀረ። እዚህ ላይ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ባለታሪኳን አስተምሮ፣ ሚዛኑን በመስኮት አስወርውሮ ምዕራፉን ይዘጋ ነበር። ፊልዲንግ እንዲህ አያደርጉም። ብሪጅት ልፋቷ ከንቱ እንደነበር በግልጽ ትረዳለች፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ገጾች ሁሉ ካሎሪዋን መቁጠሯን ትቀጥላለች። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲወራረድ የጨመረችውና የቀነሰችው ክብደት ተቻችሎ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም፤ ካወጣቻቸው የአዲስ ዓመት ውሳኔዎች የጠበቀችውም አንዱን ብቻ ነው። እርሷ ግን ዓመቱን እጅግ የተሳካ ብላ ትፈርጀዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። ፊልዲንግ የታሪኩን አጽም የወሰዱት ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ከጄን ኦስተን ልቦለድ ከ«ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» መሆኑን አልደበቁም፤ ወንዱን ባለታሪክ በኦስተኑ ወንድ ባለታሪክ በዳርሲ ስም ማርክ ዳርሲ ብለው መሰየማቸው ብቻውን ይመሰክራል። (በ1995 ቢቢሲ ባሳየው የኦስተን ተከታታይ ድራማ ዳርሲን ሆኖ የተጫወተው ኮሊን ፈርዝ ነበር፤ ብሪጅትና ጓደኞቿ በልቦለዱ ውስጥ ያንን ድራማ እያዩ ልባቸው ይጠፋል፤ በ2001ዱ ፊልም ደግሞ ማርክ ዳርሲን ሆኖ የመጣው ራሱ ፈርዝ ነው። ልቦለድና እውነት እንዲህ ሲጫወቱ ማየት ብርቅ ነው።) የኦስተን መጽሐፍ የታተመው በ1813 ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአምስቱ እኅትማማች አባት ርስት በሕግ ለወንድ ወራሽ የታሰረ በመሆኑ አባትየው በሞቱ ማግስት ቤቱ የሚያልፈው ለዘመዳቸው ለሚስተር ኮሊንስ ነው። የእኅትማማቾቹ ጎረቤትና ወዳጅ ሻርሎት ሉካስ በ27 ዓመቷ ያንኑ ሚስተር ኮሊንስን የምታገባው ሞኝነቱ ጠፍቷት አይደለም፤ ጣሪያና ማጀት ስለሚያስፈልጋት ነው። በእንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም ይዛ እንደ ልቧ የምታዝበት ሕግ የወጣው በ1882 መሆኑን ስናስብ፣ በዚያ ዘመን እናቶች ስለ ሴት ልጆቻቸው ባል አብዝተው መጨነቃቸው የሚያስቅ ብቻ አልነበረም፤ የኑሮ ስሌት ነበረበት።

ብሪጅትስ? ብሪጅት መጀመሪያ በመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት፣ በኋላም በቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ለብቻዋ በለንደን የምትኖር፣ ደመወዟን ራሷ የምታወጣ ሴት ናት። ባል ባታገባ ከቤቷ የሚያስወጣት ወራሽ የለም። ጥያቄው ግን በዚያው በ1813 ድምፅ ይመጣል። በአዲስ ዓመት ቀን በወላጆቿ ወዳጆች ቤት በተዘጋጀው ግብዣ ላይ ገና ከመግባቷ የፍቅር ሕይወቷ እንዴት እንደሆነ ትጠየቃለች፤ ባለትዳሮች በሞሉበት የራት ገበታ ላይም ያው ይደገማል። በአንጻሩ በዚያው በአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ትዳሩ የፈረሰበት ጠበቃ ማርክ ዳርሲ እንደ ትልቅ ሲሳይ ነው የሚቀርብላት። አግብቶ የፈታ ወንድ ሲሳይ፣ ያላገባች ሴት ግን ስጋት የምትሆንበትን ሒሳብ ማንም ሰው በገበታው ላይ አያስረዳም። ብሪጅት በማስታወሻዋ ላይ፣ እኛስ ባለትዳሮቹን ስናገኝ ትዳራችሁ እንዴት ነው፣ አሁንም አብራችሁ ትተኛላችሁ ወይ ብለን በሰው ፊት እንጮህባቸዋለን እንዴ ስትል ትጠይቃለች። ይህን በግብዣው ላይ አትናገረውም፤ እዚያ ፈገግ ብላ ታልፋለች። መልሱ የሚመጣላት ቤቷ ገብታ ብዕር ስትይዝ ነው፤ ማስታወሻ መያዝ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ለምን እንዳስፈለጋት ይህ ብቻ ይበቃል።

በመጽሐፉ ላይ የሚሰነዘረውን ዋና ወቀሳ ሳላነሣ ብወርድ ግን አድሏዊ እሆናለሁ። ልቦለዱ ያንን ጥያቄ አራት መቶ በማይሞሉ ገጾች ሲያፌዝበት ቆይቶ በመጨረሻ ራሱ ይመልሰዋል፤ ሀብታሙ ጠበቃ የብሪጅትን እናት ካጭበረበረ ሰው እጅ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ብሪጅትንም የራሱ ያደርጋል። ያፌዘበትን ሽልማት ራሱ ሸለማት የሚሉ አንባቢያን አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔም የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ከመጀመሪያዎቹ ያነሱ እንደሆኑ አምናለሁ፤ ከኦስተን አጽሙን የተዋሰ ደራሲ መጨረሻውንም ሳይዋስ መቅረት ከብዶታል።

ሆኖም ደራሲዋ ጉዳዩን በዚያ አልተዉትም። በ2013 በታተመው ሦስተኛ መጽሐፍ ብሪጅት 51 ዓመቷ ነው፤ ማርክ ዳርሲን አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ እርሱ ግን ሞቷል። ወሬው ሲሰማ በእንግሊዝ አንባቢያን ዘንድ የተነሣው ቁጣ ቀላል አልነበረም። መጽሐፉ ሲገለጥ ማስታወሻው አሁንም በቁጥር ይጀምራል፤ ክብደቱ አለ፣ ካሎሪው አለ፣ አሁን ደግሞ የትዊተር ተከታዮቿ ቁጥር ተጨምሮበታል። ወዳጆቿም ዙሪያዋን ከበው ከሐዘኗ ወጥታ ሰው እንድትፈልግ ይጎተጉቷታል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።