ትንሿን ሎኮሞቲቭ በዝግታዋ እንመዝናት

ውድ የሞዴል ባቡር ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትንንሾቹ ነው። 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱት የኤን ስኬል ሎኮሞቲቮች፣ ከእነሱም አንሰው በ6.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱት የዜድ ስኬሎች። ኤን በአብዛኛው ከእውነተኛው ባቡር 160 ጊዜ ያንሳል። ዜድ ደግሞ 220 ጊዜ።

አዲስ ሞዴል እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናየው መልኳን ነው። ቀለሙ ጥርት ብሏል? ትንሿ ጽሑፍ ትነበባለች? ይሄ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሎኮሞቲቭ የተሠራችው ልትሄድ ነው። አካሄዷ ላይ ስንደርስ ደግሞ እንቸኩላለን። መቆጣጠሪያውን እስከ ጫፍ እናዞራለን፣ ሽው ብላ ሁለት ዙር ስትዞር እናያለን፣ በቃ ፈረድንላት። በፍጥነት ስትሮጥ የማታምር ሎኮሞቲቭ የለችም። ጉድለቷ የሚወጣው ስትዘገይ ነው።

ለምን? ርዝመት 160 ጊዜ ሲያንስ ስፋቱም ቁመቱም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ክብደቷ ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይቀንሳል። 80 ቶን የምትመዝን ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሌት 20 ግራም ገደማ ብቻ ትሆናለች። አምራቾች ውስጧን በብረት እየሞሉ ከዚያ በላይ ያከብዷታል። ያም ሆኖ ቀላል ናት። ኤሌክትሪክ የምታገኘው ደግሞ ጎማዋ ሐዲዱን ሲነካ ነው። አቧራው ግን ከእሷ ጋር አላነሰም! ከባዷ ሞዴል ደፍጥጣው የምታልፈው ቅንጣት ትንሿን ከሐዲዱ ለይቶ ኃይሏን ይቆርጥባታል። ፈጥና ከመጣች በያዘችው ግፊት ታልፈዋለች። ቀስ ብላ ከመጣች እዚያው ቀጥ ትላለች።

ስለዚህ ከእሷ በፊት ሐዲዱ ይፈተሽ። አልኮል ባስነካችሁት ጨርቅ ጥረጉት። የእሷንም ጎማዎች ጥረጉ። አዲስ ከሆነች መመሪያዋ ሌላ ካላለ በቀር ያለ ፉርጎ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ አሂዷት። የማርሽ ጥርሶቿ ይላመዳሉ፣ ቅባቱም ይዳረሳል። ከሳጥን ወጥታ ወዲያው ስለተፈረደባት ሎኮሞቲቭ ስሰማ በእውነት አዝናለሁ።

አሁን ወደ መለካቱ እንምጣ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ሐዲድና የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል። ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደጨረሰች ያዙ። ከዚያ 576ን በሰከንዱ አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር እውነተኛ ባቡር ብትሆን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ይነግራችኋል። በ6 ሰከንድ ከጨረሰች በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 115 ሰከንድ ከፈጀባት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሰው እርምጃ ያህል። ለዜድ ስኬል 792ን ተጠቀሙ። የብሪታንያ ኤን ሞዴሎች 148 ጊዜ ያነሱ ስለሆኑ ለእነሱ 533 ይያዝ። በእኔ ሚዛን፣ አንዲት የኤን ሎኮሞቲቭ ሜትሩን በሁለት ደቂቃ ገደማ ሳትቆም፣ ሳትንቀጠቀጥ ከጨረሰች በጣም ጥሩ ናት። ወደኋላም እንደዚያው ማድረግ አለባት።

ስትዘገይ ዓይናችሁን አትንቀሉባት። ብትቆም ወይም ብትደናቀፍ፣ አደነቃቀፏ ራሱ ይናገራል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። ጤነኛ መሆኗን የምታውቋትን ሌላ ሎኮሞቲቭ እዚያው አሳልፋችሁ አረጋግጡ። ቦታ ሳትመርጥ እዚህም እዚያም ከቆመች ኤሌክትሪክ አሰባሰቧ ላይ ችግር አለ፤ ጎማው ቆሽሿል፣ ወይም ከጎማው ኃይል የሚቀበለው ቀጭን ብረት አልነካም። ጎማው በዞረ ቁጥር በእኩል ጊዜ የምትነቀነቅ ከሆነ ደግሞ ጎማው ክብነቱን አጥቷል፣ ወይም ጥርስ ተሰንጥቋል፣ ወይም ጥርሶቹ መሃል የገባ ነገር አለ። ይህን ለይቶ ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሰው ሐዲድ ማጽዳት ሲገባው ሞተር ይቀይራል።

ስንት ጎማ ኤሌክትሪክ እንደሚሰበስብም ጠይቁ። በበዛ ቁጥር ይሻላል። አንዳንድ ጎማ ላይ የላስቲክ ቀለበት አለ፣ መጎተቱን ያጠነክራል። ነገር ግን ላስቲክ የለበሰ ጎማ ኤሌክትሪክ በአግባቡ አይቀበልም። አንዱን ስታገኙ ሌላውን ታጣላችሁ። እኔ ብጠየቅ ሁለት ፉርጎ ቀንሼ ያልተቆራረጠ ጉዞ እመርጣለሁ።

ስለ ቮላኖም ብዙ ይወራል። ሞተሩ ላይ የታሰረው ከባድ ክብ ብረት ኃይል ለቅጽበት ሲቋረጥ መዞሩን ይቀጥላል፤ የቆሸሸውን ቦታ ያሳልፋታል። ይህ እውነት ነው፣ በፍጥነት ስትሄድ። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን በቮላኖው ውስጥ ያለው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። በጣም ስትዘገይ ሊረዳት የሚችለው ትንሽ ነው። በዲጂታል ለምትሄድ ሎኮሞቲቭ ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር ይህን ክፍተት ይሞላል፣ ቦታ ከተገኘለት። ዲጂታሉን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ዲኮደር፣ ማለትም ውስጧ ገብቶ ዲጂታሉን ትእዛዝ ለሞተሩ የሚያደርሰው ትንሽ ሰሌዳ፣ ጥሩ ከሆነ የሞተሩን ዙር እየተከታተለ ኃይሉን ያስተካክላል፤ የደከመውን አካል ደህና ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ ዲኮደሩ ከመግባቱ በፊት ዲጂታል ባልሆነው ተራ መቆጣጠሪያ ፈትኗት።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም። ለስለስ ያለ እኩል ድምፅ ችግር የለውም። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምትጮህ ከሆነ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ይሆናል። ከባድ ባቡር ይዛ ቁልቁል ስትወርድ እየተንገጫገጨች ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

መጎተቷን ለመፈተን ፉርጎ እየጨመራችሁ ዳገትና ጠመዝማዛ ላይ አውጧት። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ብቻ የተፈተነች በቤታችሁ መስመር ልታሳፍራችሁ ትችላለች። ሲከብዳት ጎማዋ ይንሸራተት፤ ይህ ጤናዋ ነው። ጎማው ሳይንሸራተት ሞተሩ ቀጥ ካለ ግን ወዲያው ኃይሉን አቋርጡ። የቆመ ሞተር ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ፍርዱ ደግሞ ሥራዋን ይከተል። ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የምታመላልስ ሎኮሞቲቭ በዝግታ መሄድ ካልቻለች ዋናው ሥራዋ ጎድሏል። ለፈጣን የመንገደኛ ባቡር ግን እኩል አነሳስና ለስላሳ አቋቋም ይበልጥብኛል። ስለ ሎኮሞቲቫችሁ ለሌሎች ስትናገሩም ሰከንዱን፣ የፉርጎውን ብዛት፣ የመቆጣጠሪያውን ዓይነት ጨምሩ። ገንዘቡን አጠራቅሞ ሊገዛ ላሰበ ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

መሞከሪያው ሐዲድ በስተጀርባችሁ ተዘርግቷል፣ ጨርቅና አልኮልም አለ። ሎኮሞቲቭ የያዛችሁ ጎማዋን ጠርጋችሁ ቅረቡ፣ አብረን እንለካለን። አመሰግናለሁ።